ፖሊመር ሰንሰለት ቀለበት ሲሠራ የሚከፍለው ኢንትሮፒ፦ በዳይስ፣ በትሪና በስልክ ቆጥሮ የማስላት ዝርዝር መመሪያ

ረጅም ሞለኪውል ሁለት ጫፉ ሲገናኝ ቀለበት ይሠራል። ግንኙነቱ ግን በነፃ አይመጣም። ጫፎቹ ሳይያያዙ በፊት ሰንሰለቱ እንዳሻው ይጠማዘዝ፣ ይዘረጋ፣ ይጠቀለል ነበር፤ ከተያያዙ በኋላ ከእነዚያ ቅርጾች አብዛኞቹ ይከለከላሉ። የቀለበቱ ዋጋ እነዚያ የተከለከሉት ቅርጾች ናቸው፤ የሚከፈለውም በኢንትሮፒ፣ ማለትም በሚቻሉ ቅርጾች ብዛት መለኪያ ነው።

ፊዚካል ኬሚስትሪ የወሰደ ሰው "አንድ ተኩል ጊዜ የርዝመቱ ሎጋሪዝም" የምትለዋን ቀመር ሳያያት አልቀረም። ሆመር ጃኮብሰንና ዋልተር ስቶክማየር እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተሙት ሥራ ውስጥ ያለችው ናት። እዚህ የምንሠራው ቀመሯን መሸምደድ ሳይሆን በራሳችን እጅ ቆጥረን ማግኘት ነው፤ ከዚያ በኋላ አር ኤን ኤ፣ የእንቁላል ነጭ ፕሮቲንና ዲ ኤን ኤ ላይ እንሞክራታለን። ደጋግሜ የማነሳት አንዲት ነገር አለች፦ የአንድ ቀለበት ዋጋ ለብቻው ሲነገራችሁ ተጠራጠሩ፤ የሁለት ቀለበቶች የዋጋ ልዩነት ሲነገራችሁ ግን ልባችሁን ጣሉበት። ምክንያቱ ከደረጃ 1 ይጀምርና ደረጃ 5 ላይ ይፈታል።

የሚያስፈልጋችሁ

ካሬ ካሬ የተሰመረበት ደብተር፣ እርሳስ፣ የሉዶ ዳይስ፣ ሎጋሪዝም የሚያወጣ ካልኩሌተርና ስልክ። ካልኩሌተሩ ላይ ሁለት የሎጋሪዝም ቁልፎች አሉ። እኔ "ሎግ" ስል ሁልጊዜ ናቹራል ሎግ የሚባለውን ነው። የ10 ሎግ 2.303 ካልወጣላችሁ የተጫናችሁት ሌላኛውን ነው።

ለደረጃ 6 ደግሞ ባለኳስ ሰንሰለት ፈልጉ። የእጅ መታጠቢያ መድፈኛ የሚንጠለጠልበት፣ ትንንሽ የብረት ኳሶች የተደረደሩበት ቀጭን ሰንሰለት ማለቴ ነው። ሮለር መጋረጃ የሚጎተትበትም ዓይነቱ ያው ነው። መርካቶ የቧንቧ ዕቃ ወይም የመጋረጃ ዕቃ ከሚሸጡት ጋ ይገኛል፤ በስም ካልተግባባችሁ ፎቶውን አሳዩ። ፕላስቲኩ ውስጡ ክር ስላለው አንዴ የታጠፈበትን ቅርጽ ይዞ መቅረት ይወዳል፤ ስለዚህ የብረቱን ምረጡ። ሁለት ሜትር ይበቃል። መቁረጫ ፒንሳ፣ ቀይ የጥፍር ቀለም፣ ትንሽ የቁልፍ ቀለበትና ሰፊ የምግብ ትሪ ጨምሩ።

ደረጃ 1፦ "ተገናኙ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ በጽሑፍ ወስኑ

ሰንሰለቱን እኩል ርዝመት ያላቸው፣ መጋጠሚያቸው ላይ ወደ ፈለጉበት የሚታጠፉ ቁርጥራጮች አድርጋችሁ አስቡት። የቁርጥራጮቹን ቁጥር "ቁ" እንበለው። አንደኛውን ጫፍ አንድ ቦታ እንተክላለን፤ ሌላኛው የትም ሊያርፍ ይችላል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ ቀለበት ሆነ የምንለው ሁለተኛው ጫፍ የመጀመሪያው ላይ በትክክል ሲያርፍ ነው? ወይስ አጠገቡ ሲደርስ? ሁለቱም ያስኬዳል፤ መልሳቸው ግን አንድ አይደለም። "አጠገቡ ሲደርስ" ካልን የሚቆጠረው ቅርጽ ይበዛል፣ ዋጋው ይቀንሳል። ደስ የሚለው፣ ሰንሰለቱ ረጅም ሲሆን የመብዛቱ መጠን ከርዝመቱ ጋር አይለዋወጥም፤ ሁሉንም ቀለበት በአንድ ዓይነት ብዜት ያባዛዋል። ሎጋሪዝም ሲወሰድ ያ ብዜት የሚደመር ቋሚ ቁጥር ይሆንና የሁለት ቀለበቶችን ዋጋ ስንቀናነስ ይጠፋል። ስለዚህ የመረጣችሁትን ትርጉም ደብተራችሁ ላይ ጻፉና እስከ መጨረሻው አትቀይሩት።

ደረጃ 2፦ በወረቀት ላይ በሁለት አቅጣጫ ቁጠሩ

መርካቶን አስቡ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በካሬ ካሬ የከፋፈሉት ሰፈር ነው እንበልና፣ አንድ ሰው ከአንድ መስቀለኛ መንገድ ተነሥቶ በየመስቀለኛው ሳይመርጥ ወደ አንዱ ይታጠፋል፤ በመጣበት መመለስም ይፈቀድለታል። እያንዳንዱ የተራመደው ብሎክ አንድ ቁርጥራጭ ነው፤ የሄደበት መንገድ በሙሉ የሰንሰለቱ አንድ ቅርጽ ነው። ወደ ተነሣበት ማዕዘን ከተመለሰ ቀለበት ሠርቷል።

ሁለት ብሎክ ሲሄድ የሚቻሉት መንገዶች 4 × 4 = 16 ናቸው፤ የሚመልሱት 4ቱ ብቻ፣ ሄዶ መመለስ። አራት ብሎክ ሲሄድ መንገዶቹ 256 ይደርሳሉ፤ የሚመልሱት 36 ናቸው። ይህችን 36 ደብተር ላይ ራሳችሁ አውጧት፣ ጊዜ አይፈጅም። በሰሜንና ደቡብ ብቻ የሚመላለሱት 6፣ በምሥራቅና ምዕራብ ብቻ የሚመላለሱት 6፣ አራቱንም አቅጣጫ አንድ አንድ ጊዜ የሚጠቀሙት 4 × 3 × 2 × 1 = 24። ስድስት ብሎክ ላይ ከ4,096 መንገዶች 400፣ ስምንት ብሎክ ላይ ከ65,536 መንገዶች 4,900 ይመለሳሉ። ጎዶሎ ቁጥር ላይ አንድም አይመለስም፤ እሱ የካሬው ጠባይ እንጂ የፖሊመር ጠባይ ስላልሆነ አትጨነቁበት።

ዕድሉን አካፍላችሁ አውጡ፦ 0.25፣ 0.141፣ 0.098፣ 0.075። ከአራት ወደ ስምንት ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሉ በ1.88 ተካፈለ፤ ወደ ግማሽ የተጠጋ ነው። ሰንሰለቱ እየረዘመ ሲሄድ በትክክል ግማሽ ይሆናል። ሃያ ብሎክ ላይ ትክክለኛው ቆጠራ 0.0310 ሲሰጥ፣ 2 ለ (ፓይ × ቁ) የምትለው ግምት 0.0318 ትላለች። ጠፍጣፋ ነገር ላይ የተኛ፣ በራሱ ላይ ማለፍ የማይከለከል ሰንሰለት የመገናኘት ዕድሉ በርዝመቱ ልክ ይቀንሳል ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ሦስተኛውን አቅጣጫ በዳይስ ጨምሩ

ሞለኪውል ወረቀት ላይ አይኖርም። ወደ ላይና ወደ ታችም ስላለ በየመጋጠሚያው ስድስት አቅጣጫ አለ፤ ዳይስ ደግሞ ስድስት ገጽ አላት። ተቃራኒ ገጾቿ ሲደመሩ ሁልጊዜ 7 ስለሚሆኑ 1ን ቀኝ 6ን ግራ፣ 2ን ፊት 5ን ኋላ፣ 3ን ላይ 4ን ታች አድርጉ። አራት ጊዜ ጣሉ። የወጡት ቁጥሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ 7 ከሠሩ ሰንሰለቱ ተዘግቷል፤ ለምሳሌ 2፣ 6፣ 5፣ 1 ቀለበት ነው፤ 2፣ 6፣ 5፣ 3 አይደለም።

መቶ ጊዜ ብትሞክሩ ወደ ሰባት ገደማ ይዘጋላችኋል። አራትም አሥርም ሊወጣ ይችላል፤ የዳይስ ነገር ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት ግን መጣል አያስፈልግም፣ እንቁጠር። ጠቅላላው 6 × 6 × 6 × 6 = 1,296። የሚዘጉት በአንድ መስመር ብቻ የሚመላለሱት 3 × 6 = 18፣ ሁለት የተለያዩ መስመሮችን የሚጠቀሙት 3 × 24 = 72፤ ድምሩ 90። ለስድስት ቁርጥራጭም እንደዚሁ ነው፦ ሦስቱንም መስመር የሚጠቀሙት 720፣ ሁለት መስመር የሚጠቀሙት 1,080፣ አንድ መስመር ብቻ 60፤ ድምሩ 1,860፣ ከ46,656። ስምንት ላይ እጅ ይደክማል፤ መልሱ 44,730 ከ1,679,616 ነው።

ደረጃ 4፦ ሎጋሪዝሙን ውሰዱ፣ ስሎፑን አውጡ

ቦልትዝማን እንዳስተማረን ኢንትሮፒ የቅርጾች ብዛት ሎግ ሲባዛ በቦልትዝማን ቋሚ ነው፤ ቪየና መቃብሩ ላይ ተቀርጾለታል። ቋሚዋን "ኬ" እንበላት፤ 1.380649 × 10⁻²³ ጁል በኬልቪን ናት። ሰንሰለቱ ከመዘጋቱ በፊት የነበሩትን ቅርጾች ለተዘጉት አካፍሉ፣ ሎጉን ውሰዱ፤ የጠፋው ኢንትሮፒ በኬ ተለክቶ ያ ነው።

ቁ 2 ሲሆን፦ 36 ለ 6፣ ሎጉ 1.79
ቁ 4 ሲሆን፦ 1,296 ለ 90፣ ሎጉ 2.67
ቁ 6 ሲሆን፦ 46,656 ለ 1,860፣ ሎጉ 3.22
ቁ 8 ሲሆን፦ 1,679,616 ለ 44,730፣ ሎጉ 3.63

አሁን ደብተሩ ላይ አግድም የቁን ሎግ፣ ሽቅብ ዋጋውን አድርጋችሁ ነጥቦቹን ሳሉ። ከ2 ወደ 4 ያለው ስሎፕ፣ ማለትም የመስመሩ ሽቅብ ለውጥ ለአግድም ለውጡ ሲካፈል፣ (2.67 ሲቀነስ 1.79) ሲካፈል ለ0.693፣ ማለትም 1.26 አካባቢ ነው። ከ4 ወደ 8 ያለው 1.38። እያደገ ነው፤ ማረፊያው 1.5 ነው። ጃኮብሰንና ስቶክማየር ያሉት ይህንኑ ነው።

ለምን 1.5 ሆነ? የዘፈቀደ ጉዞ ከመነሻው የሚርቀው በእርምጃው ቁጥር ልክ ሳይሆን በስኩዌር ሩቱ ልክ ነው። መቶ ቁርጥራጭ ያለው ሰንሰለት ጫፉ ከመነሻው የሚገኘው በአሥር ቁርጥራጭ ርቀት አካባቢ ነው። በሦስት አቅጣጫ ስንለካ ጫፉ የሚንከራተትበት ይዘት የስኩዌር ሩቱ ሦስተኛ ፓወር፣ ማለትም የቁ 1.5 ፓወር ይሆናል። ጫፉ በዚያ ሁሉ ቦታ ውስጥ መነሻዋ ነጥብ ላይ የመገኘት ድርሻው አንድ ለዚያ ይዘት ነው። በወረቀቱ ላይ ስሎፑ 1 የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለት አቅጣጫ፣ ሁለት ጊዜ ግማሽ። ቀመሯን ብትረሱ ይህን አስታውሱ፤ ከዚህ መልሳችሁ ታወጧታላችሁ።

የሒሳብ ሊቁ ፖሊያ እ.ኤ.አ. በ1921 እንዳሳየው በካሬ ፍርግርግ ላይ ያለ ማቆም የሚሄድ ተጓዥ አንድ ቀን መመለሱ የማይቀር ነው፤ በሦስት አቅጣጫ ግን የመመለስ ዕድሉ 34 በመቶ ብቻ ነው። በ1 እና በ1.5 መካከል ያለችው ትንሽ የምትመስል ልዩነት ይህን ያህል ጉልበት አላት።

ደረጃ 5፦ የምትደመረዋን ቋሚ ወደ ኮንሰንትሬሽን ቀይሯት

ተማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ነው። "የዚህ ቀለበት የኢንትሮፒ ዋጋ 7 ኬ ነው" ይባላል፤ ከምን አንጻር? ደረጃ 1 ላይ እንዳየነው "ተገናኙ" የሚለውን ሰፋ ባደረግነው ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ቁርጥ ያለ ዋጋ ከፈለጋችሁ ከሌላ ነገር ጋር አነጻጽሩት፤ ምርጡ ማነጻጸሪያ ያው ጫፍ ከሌላ ሞለኪውል ጫፍ ጋር ቢገናኝስ የሚለው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የራሱ ሌላኛ ጫፍ አንዱ ጫፍ አጠገብ ያለው ጥግግት (3 ለ (2 × ፓይ × ቁ × የቁርጥራጩ ርዝመት ስኩዌር)) ወደ 1.5 ፓወር ሲነሣ ነው። ቁርጥራጩ 1 ናኖሜትር፣ ቁ 100 ይሁን። 3 ለ628.3 ሲካፈል 0.004775፤ ወደ 1.5 ፓወር 0.00033 በኪዩቢክ ናኖሜትር። በኪዩቢክ ናኖሜትር አንድ ሞለኪውል ማለት በሊትር 1.66 ሞል ነው። ስናባዛው 0.55 ሚሊሞል በሊትር እናገኛለን።

ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ብርጭቋችሁ ውስጥ ያሉት የሌሎች ሰንሰለቶች ተጣማሪ ጫፎች ከ0.55 ሚሊሞል በሊትር በታች ከሆኑ ሰንሰለቱ ከራሱ ጋር መዘጋት ይቀናዋል፤ ከበለጡ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዝና ይረዝማል። ቁን ወደ 400 ብታሳድጉት ቁጥሩ በ8 ተካፍሎ 0.07 ሚሊሞል ገደማ ይሆናል። ቀለበት የሚፈልጉ ኬሚስቶች ሰንሰለቶቹ የሟሙበትን ፈሳሽ የሚያቀጥኑት ለዚህ ነው። "ተገናኙ" የሚለው ትርጉም ለራሱ ጫፍም ለጎረቤት ጫፍም አንድ ስለሆነ ሲካፈል ይጠፋል፤ ቋሚዋ እዚህ ላይ ዓላማ አገኘች።

"ቁ" የሞኖመሮች፣ ማለትም ሰንሰለቱ የተገነባባቸው ትንንሽ ሞለኪውሎች፣ ቁጥር አለመሆኑንም ልብ በሉ። ነፃ ሆኖ የሚታጠፍ ቁርጥራጭ ኩን ሴግመንት ይባላል። ዲ ኤን ኤ ግትር ስለሆነ አንዱ ቁርጥራጩ ወደ 100 ናኖሜትር፣ ማለትም ወደ 300 ቤዝ ጥንድ ነው፤ 3,000 ጥንድ ያለው ዲ ኤን ኤ እንግዲህ ቁው 10 ብቻ ነው። ሁለት ቀለበቶችን ስታወዳድሩ ግን የርዝመታቸው ሬሾ በጥንድም ተቆጠረ በሴግመንት ያው ስለሆነ ልዩነቱ አይነካም።

ደረጃ 6፦ ሰንሰለቱ ራሱን እንዳይረግጥ አድርጉ

እስካሁን የቆጠርነው ሰንሰለት መናፍስት ነው፤ በራሱ ውስጥ ያልፋል። እውነተኛው ሁለት አቶም አንድ ቦታ አያስቀምጥም። ደብተራችሁ ላይ አንዴ የረገጣችሁትን ነጥብ ዳግም ሳትረግጡ ሦስት እርምጃ የሚሄዱ መንገዶችን ቁጠሩ፤ 36 ናቸው። ጫፋቸው ከመነሻቸው አጠገብ የሚያርፈው 8ቱ ናቸው (እዚህ "አጠገብ" ማለት የግድ ነው፤ መነሻው ላይ መውጣት ተከልክሏልና)። አምስት እርምጃ፦ ከ284 መንገዶች 24። ሰባት፦ ከ2,172 መንገዶች 112። ዘጠኝ፦ ከ16,268 መንገዶች 560። አሥራ አንድ፦ ከ120,292 መንገዶች 2,976። ከዘጠኝ ወደ አሥራ አንድ ያለው ስሎፕ 1.65 አካባቢ ነው፤ ረጅም ሲሆን 1.84 ይደርሳል። ለመናፍስቱ 1 ነበር። ራስን አለመርገጥ ጫፎቹን እርስ በርስ ያራርቃል፤ ቀለበቱም ይወደዳል። በሦስት አቅጣጫ ደግሞ 1.5 የነበረው ወደ 1.92 ይወጣል፤ ቀለበቱ ከረጅም ሰንሰለት መሐል ከተሠራ ግራና ቀኝ የተረፉት ጅራቶችም ስለሚገፉ ወደ 2.2 ይጠጋል።

አሁን ሰንሰለቱን አንሡ። በመጀመሪያ በጣታችሁ እስኪቆልፍ አጥፋችሁ የመጨረሻዋን ጠባብ ቀለበት ሥሩና ኳሶቿን ቁጠሩ። ከዚያ እጥፍ የሚያንስ ሰንሰለት ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ ግትርነቱ ሁሉን ይሸፍነዋል። ቀጥሎ 30 እና 60 ኳስ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ቁረጡ፤ የየጫፎቻቸውን ኳስ በጥፍር ቀለም ቀቡ፣ ይድረቅ። ትሪው ላይ አንዱን አድርጋችሁ ኳሶቹ ብድግ ብድግ እስኪሉ ነቅንቁ፣ አቁሙ፣ ከላይ ፎቶ አንሡ። ሁለቱ ቀይ ኳሶች መካከል ሁለት ኳስ የሚያህል ክፍተት ወይም ከዚያ ያነሰ ካለ "ተገናኙ" በሉ። የሰንሰለቱ ጫፍ የትሪውን ጠርዝ አዘውትሮ የሚነካ ከሆነ ትሪው ጠቧል፤ ግድግዳው ጫፎቹን በግድ ያገናኛቸዋል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ መንገድ ስሎፕ አወጣለሁ ማለት ትዕግሥትን መፈተን ነው። የምትቆጥሩት ነገር መቶ ጊዜ ካልሆነ ስሕተታችሁ ከ10 በመቶ በታች አይወርድም፤ ዕድሉ 3 በመቶ ከሆነ መቶ ግንኙነት ለማግኘት ከሦስት ሺህ በላይ ፎቶ ያስፈልጋል። ትሪው ዓይን ለመክፈት ይበቃል፤ ቁጥሩን ለደረጃ 7 ተዉት።

ከዚህ ይልቅ ትሪው ላይ የሚያምረው ሁለተኛው ሙከራ ነው። 60 ኳስ ያለውን ሰንሰለት ጫፍና ጫፉን በራሱ መቆለፊያ አያይዙ። መሐሉን በቁልፍ ቀለበት ውስጥ አሳልፉና ሁለት እኩል፣ ሠላሳ ሠላሳ ኳስ ያላቸው ክቦች ይሁኑ። የቁልፍ ቀለበቱ በሁለቱ መስመሮች ላይ ሳይያዝ የሚንሸራተት መሆን አለበት። ነቅንቁ። እኩል ሆነው አይቆዩም፤ አንደኛው ክብ ሲያብጥ ሌላኛው እየጠበበ ሄዶ የቻለውን ያህል ትንሽ ይሆናል። ማንም አልጎተተው። ሎስ አላሞስ የሚሠሩ ፊዚሲስቶች እ.ኤ.አ. በ2002 በስምንት ቁጥር ቅርጽ በተጠማዘዘ ባለኳስ ሰንሰለት ያሳተሙት ውጤትም ይኸው ነው። ምክንያቱ ከዋጋው ቀመር ይወጣል፦ የሁለቱ ክቦች ዋጋ ሎጋሪዝሞቻቸው ሲደመሩ፣ ማለትም የርዝመቶቻቸው ብዜት ሎግ ነው። 30 × 30 = 900፣ 10 × 50 = 500። ብዜቱ ትልቅ የሚሆነው እኩል ሲሆኑ ነው፤ ስለዚህ እኩልነት ውድ ነው። ለመናፍስቱ ሰንሰለት እንኳን 10 ለ50 ከ30 ለ30 በ1.8 እጥፍ ይመረጣል፤ ራሱን የማይረግጠው ላይ ልዩነቱ ይጎላል።

ደረጃ 7፦ ስልካችሁ ይቁጠር

ፓይተን የሚያሠራ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ ወይም ጎግል ኮላብን በብሮውዘር ክፈቱ። ኮምፒውተር ለፈለገ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ይመቻል። ፕሮግራሙ አጭር ነው። ሦስት ቁጥሮችን ከዜሮ ያስነሣል፣ በየእርምጃው ከስድስቱ አቅጣጫዎች አንዱን በዘፈቀደ መርጦ አንዱን ቁጥር በ1 ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፣ ቁ እርምጃ ሲሞላ ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ አንድ ይቆጥራል። ለ8 ስታሠሩት 0.0266 መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ከመቀጠላችሁ በፊት ስሕተቱን ፈልጉ። 1 በመቶ ጥራት ለማግኘት አሥር ሺህ መዘጋት ያስፈልጋል፤ እዚህ ርዝመት ላይ ያ ወደ 400,000 ጉዞ ነው። በየአሥር ሺሁ ውጤቱን ፋይል ላይ አስቀምጡ፤ መብራት ሲሄድ ሥራው አብሮ እንዳይሄድ።

ራሱን ለማይረግጠው ሰንሰለት የጎበኛቸውን ነጥቦች ዝርዝር ያዙና አንዱን ሲደግም ጉዞውን በሙሉ ጣሉት። "ልክ እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር፣ ሌላ አቅጣጫ ልምረጥለት" ማለት ያጓጓል፤ አታድርጉት፣ ቅርጾቹ እኩል ዕድል እንዳይኖራቸው ያደርጋል። ችግሩ ብክነቱ ነው። በካሬ ፍርግርግ ላይ ወደ ኋላ ባይመለስ እንኳን 20 እርምጃ ከጀመሩት የሚተርፈው ከአምስት አንዱ ነው። ከ50 በላይ መሄድ ለሚፈልግ ፒቮት የሚባለው ዘዴ አለ፦ ሙሉ ሰንሰለት ያዙ፣ አንድ መጋጠሚያ በዘፈቀደ ምረጡ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ክንድ በሙሉ በዘፈቀደ አዙሩት፤ ራሱን ከነካ የቀድሞውን ቅርጽ ራሱን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ቁጠሩት። ይህችን መጨረሻ የተባለችውን መድገም የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ስሎፑ የሚበላሸው በእሷ ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ ኢነርጂ ቀይሩና እውነተኛ ሞለኪውል ላይ ሞክሩ

አንድ ኬ በሞል ሲቆጠር 8.314 ጁል በኬልቪን ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲባዛ 2.48 ኪሎጁል በሞል። ቀለበትን እጥፍ ማድረግ በ1.5 ስሎፕ 1.04 ኬ፣ ማለትም 2.58 ኪሎጁል በሞል ያስከፍላል፤ ከአሥር ወደ ሃያም ይሁን ከሺህ ወደ ሁለት ሺህ። ሙቀት ሲጨምር ይኸው ኢንትሮፒ ይበልጥ ይወደዳል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እዚያ ዋጋው ከ25 ዲግሪው በ22 በመቶ ገደማ ይበልጣል።

አር ኤን ኤ። ሰንሰለቱ ወደ ራሱ ታጥፎ ሲጣመር ጫፉ ላይ ሳይጣመር የሚቀር ቀለበት ይኖራል። የአር ኤን ኤን ቅርጽ የሚተነብዩ ፕሮግራሞች ለ9 ኑክሊዮታይድ ቀለበት በ37 ዲግሪ 6.4 ኪሎካሎሪ በሞል ያስከፍላሉ፤ ከዚያ ለሚረዝሙት 1.75 × 0.616 × ሎግ(ርዝመት ለ 9) ይጨምራሉ። 30 ላይ ጭማሪው 1.3፣ ድምሩ 7.7 ነው። አስተውሉ፦ 6.4ቷ ከሙከራ የመጣች ቋሚ ናት፣ 1.75ቷ ግን እስካሁን የቆጠርነው ስሎፕ ዘመድ ናት። ከ9 ለሚያንሱት ሠንጠረዡን እንጂ ቀመሩን አትጠቀሙ፤ እዚያ የሚገዛው የአቶሞቹ መጨናነቅ ነው።

የእንቁላል ነጭ። ላይሶዛይም 129 አሚኖ አሲድ ያለው ሰንሰለት ነው፤ በአራት የሰልፈር ድልድዮች ተያይዟል። ከመካከላቸው አንዱ 64ኛውን ከ80ኛው፣ ሌላው 6ኛውን ከ127ኛው ያገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1988 ፔስና ባልደረቦቹ ያወጡት ቀመር ዋጋውን 2.1 + 1.5 × 1.987 × ሎግ(ቁ) ካሎሪ በሞል በኬልቪን ያደርገዋል፤ እዚህ ቀመር ውስጥ ብቻ ቁ የምትቆጥረው አሚኖ አሲዶችን ነው። ለ16 ቁ 10.4፣ በ25 ዲግሪ 3.1 ኪሎካሎሪ በሞል፤ ለ121 ቁ 16.4፣ ወይም 4.9 ኪሎካሎሪ። ቀለበቱ ሰባት እጥፍ ከግማሽ ሲያድግ ዋጋው አንድ እጥፍ ከግማሽ ገደማ ብቻ አደገ። እዚህ ዋጋውን የሚከፍለው የተፈታው ፕሮቲን መሆኑን አትርሱ። የታጠፈው ድሮም ቅርጹ የተወሰነ ነው፤ የተፈታው ግን በድልድዩ ምክንያት ነፃነቱን ስላጣ መፈታት ያን ያህል አያጓጓውም። ድልድዩ ፕሮቲኑን የሚያጸናው በዚህ በኩል ነው። የአራቱን ዋጋ እንዲሁ አትደምሩ፤ ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ስላሉ የመጀመሪያው ሲዘጋ የሁለተኛው ርዝመት ያጥራል።

ዲ ኤን ኤ። 500 ቤዝ ጥንድ አካባቢ ላይ ቀለበት ለመሥራት በጣም ይመቸዋል። ከዚያ ሲረዝም ኢንትሮፒ ያስወድደዋል፤ ሲያጥር ደግሞ የመታጠፍ ኢነርጂ። ኢ ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ላክ ሪፕረሰር የሚባለው ፕሮቲን 401 እና 92 ጥንድ የሚራራቁ ቦታዎችን ይዞ ቀለበት ይሠራል፤ ለ92ቱ የሎጋሪዝም ቀመራችንን ብትጠቀሙ ርካሽ ነው ትላችኋለች፣ አትስሟት። የዲ ኤን ኤ ሁለት ክር በሙቀት ሲላቀቅ የሚፈጠሩት አረፋዎችም ቀለበቶች ናቸው። እዚያ ስሎፑ ከ2 መብለጥ አለመብለጡ ወሳኝ ነው፤ ከበለጠ ክሮቹ በአንድ ሙቀት በድንገት ይለያያሉ፣ ካነሰ ቀስ እያሉ። ካፍሪ፣ ሙካሜልና ፔሊቲ እ.ኤ.አ. በ2000 የአረፋውን ዙሪያ ሰንሰለት ጨምረው ሲያሰሉ 2.115 አካባቢ አግኝተዋል።

ክሮሞሶም ላይ ስትደርሱ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው የሰው ጂኖም የግንኙነት ካርታ፣ ከ500 ሺህ እስከ 7 ሚሊዮን ቤዝ ባለው ርቀት የመገናኘት ዕድሉ የሚወርደው በ1 ገደማ ስሎፕ ነው። 1.5 አልሆነም፣ 1.92ም አልሆነም። ሴሉ ውስጥ ኮሄሲን የሚባለው የፕሮቲን ማሽን የሴሉን ነዳጅ፣ ኤ ቲ ፒን፣ እያቃጠለ ቀለበቶችን ጎትቶ ያወጣል፤ በራሱ የሚንከራተት ሰንሰለት ቆጠራ ለብቻው አይበቃውም።

ስሎፕ አውጥታችሁ ግራ ቢገባችሁ

1.2 ወይም 1.3 ከሆነ ሰንሰለታችሁ ገና አጭር ነው፤ ሁለቱን ትልልቅ ነጥቦች ብቻ ይዛችሁ እንደገና አውጡ። በትክክል 1 ከሆነ ሦስተኛውን አቅጣጫ ረስታችሁ ይሆናል። 0.65 ከወጣ ጥፋቱ የካልኩሌተሩ ቁልፍ ነው፤ በአንዱ ዘንግ በ10 የተመሠረተውን፣ በሌላው ናቹራሉን ተጭናችኋል። ዕድሉ ለአንዳንዱ ርዝመት ዜሮ ከሆነ ጎዶሎ ቁጥር ገብቷል። ራሱን የማይረግጠው ሰንሰለት 1.5 ላይ ሙጭጭ ካለ ደግሞ ፕሮግራሙ የተደገመውን ነጥብ አይቶ እንዳላየ እያለፈው ስለሆነ የጎበኛቸው ነጥቦች ዝርዝር መነሻውን ራሱን ከሚያካትትበት መስመር ጀምራችሁ ፈትሹ።